በረጋ ነገር ውስጥ መሄድ

ባለፈው የሁዳዴ ጾም ማብቂያ ላይ ለእናቴ በቴሌግራም አንድ አጭር ቪዲዮ ላክሁላት። ርዝመቱ 16 ሰከንድ ነው። በማይክሮስኮፕ ሥር በየ15 ደቂቃው አንድ ጊዜ እየተነሡ ከማታ እስከ ማለዳ 16 ሰዓት የሸፈኑ 64 ፎቶዎች ተቀጣጥለው የተሠራ ነው። በውስጡ የሚታየው ግራጫማ ቀጫጭን ክሮች በተጠላለፉበት ጫካ መካከል ረዘም ብሎ የተዘረጋ አንድ ሕዋስ ነው። ሕዋሱ ወደፊት ቀጭን ክንድ ይዘረጋል፣ ክሮቹን ይዞ ይስባል፣ ይላላል፣ እንደገና ይዘረጋል፤ መሐሉ ላይ ያለው ኒውክለስ (አስኳሉ) ግን አንድ ጠባብ ቦታ ላይ ደርሶ ተቀርቅሯል። እናቴ ቪዲዮውን ደጋግማ ካየች በኋላ ደወለችልኝና፣ «ልጄ፣ ይኼ ነገር ወዴት ሊሄድ ነው እንዲህ የሚታገለው?» አለችኝ።

ኔዘርላንድስ ውስጥ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ሕዋሳት በሃይድሮጄል ውስጥ እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ ማጥናት ከጀመርሁ አምስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በእነዚህ ዓመታት ስለ ፍጥነት፣ ስለ ርቀት፣ ስለ አቅጣጫ ለውጥ ብዙ ተጠይቄያለሁ፤ «ወዴት?» ብሎ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ለእናቴ የሰጠኋት መልስ፣ «የትም አይሄድም እማዬ፣ ዝም ብሎ ነው የሚሄደው» የሚል ነበር። መልሱ ትክክል ቢሆንም አላረካትም። እኔንም ስላላረካኝ ነው ይህን መጻፍ የጀመርሁት።

ከሕዋሱ በፊት ሕዋሱ ያለበትን ነገር ልናገር፤ ራሴም ዘግይቼ እንደተረዳሁት የዚህ ጥናት ትልቁ ክፍል ያለው እዚያ ነውና። ሃይድሮጄል እጅግ ብዙ ውኃ ይዞ ሳለ የማይፈስ ነገር ነው። ረጃጅም ሰንሰለት መሰል ሞለኪውሎች እርስ በርሳቸው ተያይዘው መረብ ይሠራሉ፤ ውኃውም በመረቡ ቀዳዳዎች ውስጥ ተይዞ ይቀራል። ለእናቴ በስልክ ያስረዳኋት በተልባ ነው። ያልተፈጨ ተልባ በውኃ ዘፍዝፎ ያሳደረ ሰው በማግሥቱ ፍሬዎቹን የሚለብሰውን ያን የሚያዳልጥና የሚለጠጥ ልባስ ያውቀዋል፤ ከፍሬው ሽፋን የወጡ ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች ውኃውን ይዘውት ነው። አብሽ ተዘፍዝፎ ሲመታ የሚያብጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። «ታዲያ ተልባ ለማየት ነው እዚያ ድረስ የሄድሽው?» ብላ ሳቀችብኝ።

በእኛ ቤተ ሙከራ አብዝተን የምንጠቀመው ኮላጅንን ነው። ኮላጅን የቆዳ፣ የጅማትና የአጥንት ዋና ፕሮቲን ሲሆን፣ ለሙከራ የሚውለው ብዙውን ጊዜ ከአይጥ ጅራት ጅማት የሚወጣው ነው። ጅማቱ በደካማ አሴቲክ አሲድ፣ ማለትም ኮምጣጤን ኮምጣጤ በሚያሰኘው አሲድ፣ ሲሟሟ ጥርት ያለ ዝልግልግ ፈሳሽ ይሆናል፤ በዚያ መልኩም በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ለወራት ይቀመጣል። አሲድነቱ ሲወገድና ሙቀቱ ወደ ሰውነት ሙቀት ሲጠጋ ግን ሞለኪውሎቹ ማንም ሳያዛቸው ጎን ለጎን እየተደረደሩ ክር ይሆናሉ፣ ክሮቹም ተጠላልፈው መረብ ይሆናሉ። እኔ በምጠቀምበት መጠን በአንድ ሚሊሊትር ውስጥ ያለው ኮላጅን 2 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረው ከሞላ ጎደል ውኃ ነው። እንዲያም ሆኖ ከረጋ በኋላ ሳህኑ ቢገለበጥ አይፈስም።

ሥራው የሚሠራው በበረዶ ላይ ነው። ኮላጅኑ፣ የሕዋሳቱ ምግብ የሆነው ፈሳሽ፣ አሲዱን የሚያጠፋው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ በመጨረሻም ሕዋሳቱ በተራ በተራ ይቀላቀላሉ። በምግቡ ውስጥ ያለው መለያ ቀለም ከቢጫ ወደ ሮዝ ሲለወጥ አሲዱ መጥፋቱ ይታወቃል፤ ከዚያ በኋላ መዘግየት የለም። ኮላጅኑ እንደ ማር ስለሚዝረከረክ በፒፔት፣ ማለትም ፈሳሽ መምጠጫ በሆነው ቀጭን ቱቦ፣ ሲሳብ ቀስ ማለት ያስፈልጋል፤ ቀስ ካላሉ አረፋ ይገባበታል፣ ቀስ ካሉ ደግሞ በእጅ ላይ ይረጋል። ጄሉ እስኪይዝ ድረስ ሕዋሳቱ ሁሉ ታች ሄደው እንዳይተኙ ሳህኑ በየጊዜው ይገላበጣል። በመጀመሪያው ዓመት ከሠራኋቸው ጄሎች አብዛኞቹን የጣልኋቸው በአረፋ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለውን ጉዳይ በታተሙ የምርምር ጽሑፎች ውስጥ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው፤ «ጄሉ በ37 ዲግሪ እንዲረጋ ተደርጓል» ተብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ያችን ዓረፍተ ነገር ኋላ እመለስባታለሁ።

«ረጋ» የሚለው ግሳችን ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ ያሳስታልም። ወተት ይረጋል፣ ቅቤ ይረጋል፣ ደም ይረጋል፤ የተቆጣ ሰው ይረጋል፣ የታወከ አገርም ይረጋል። ሁሉም ላይ የቃሉ ስሜት አንድ ነው፤ መንቀሳቀስ አበቃ፣ ነገሩ ቦታ ቦታውን ያዘ ማለት ነው። የረጋ ደም ግን ፋይብሪን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ፣ ሰውነት በራሱ የሚያዘጋጀው ሃይድሮጄል ነው፤ ትልቁ ዝውውር የሚጀምረውም ከረጋ በኋላ ነው። ጣት በቢላዋ ሲቆረጥ መጀመሪያ ነጭ የደም ሕዋሳት በዚያ መረብ ውስጥ ይገባሉ፤ በቀናት ውስጥ ፋይብሮብላስት የሚባሉት ሕዋሳት ከዳር ወደ መሐል እየተሳቡ ይደርሳሉ፣ የፋይብሪኑን መረብ እየበሉ በምትኩ ኮላጅን ይሠራሉ። በቀኝ ክንዴ ላይ ከልጅነቴ የቀረ የምጣድ ጠባሳ አለ። ዳር ዳሩ ወደ መሐል የተጨማደደው ፋይብሮብላስቶቹ ክሮቹን እየጎተቱ ስላሰባሰቡት መሆኑን ያወቅሁት በቤተ ሙከራ ነው፤ እነዚህኑ ሕዋሳት በኮላጅን ጄል ውስጥ ጨምሬ ባሳደርሁ ጊዜ ሰፊ የነበረው ጄል ከሳህኑ ጠርዝ ተላቅቆ፣ መሐል ላይ እንደ ቁልፍ ተሰብስቦ አገኘሁት።

የሚንቀሳቀስ ሕዋስን ከሰውነት ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ በወጉ ያሳየው ሙከራም የተሠራው በረጋ ነገር ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካዊው ሮስ ሃሪሰን ከእንቁራሪት ፅንስ ቅንጣት የነርቭ ኅብረ ሕዋስ ወስዶ በረጋ የእንቁራሪት ሊምፍ ጠብታ ውስጥ አንጠልጥሎ አስቀመጠው፤ የነርቩ ጭራም ጫፉን እያወዛወዘ በረጋው ውስጥ ሲያድግ ተመለከተ። ነርቭ ከአንድ ሕዋስ ተዘርግቶ የሚያድግ ነው ወይስ በብዙ ሕዋሳት ተቀጣጥሎ የሚሠራ የሚለውን የዘመኑን ክርክር በዚህ ሙከራ ትልቅ መልስ ሰጠው። ሕዋስን ከሰውነት ውጭ የማቆየት ጥበብ ከጄል ጋር አብሮ የተወለደ ነው ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ለአሥርተ ዓመታት አብዛኛው ተመራማሪ ጄሉን ትቶ ጠፍጣፋ መስታወትና ፕላስቲክ ላይ መሥራቱ ያስገርመኛል። በእርግጥ መስታወት ለማየት ይመቻል፤ ሕዋሱ ከማይክሮስኮፑ እይታ ወደ ላይም ወደ ታችም አያመልጥም።

እኔም ሕዋስን ያወቅሁት ጠፍጣፋ አድርጌ ነው። በትምህርት ቤት መምህራችን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ክብ ይሥሉና መሐሉ ላይ ሌላ ትንሽ ክብ ይጨምሩ ነበር፤ እኛም እንደዚያው እንገለብጣለን። በፕላስቲክ ሳህን ላይ የሚኖር ሕዋስም ከዚያ ሥዕል እምብዛም አይርቅም፤ ምጣድ ላይ እንደተሰበረ እንቁላል ተንጣልሎ ይተኛል። ብሪታንያዊው ማይክል አበርክሮምቢ እንዲህ ያሉ ሕዋሳትን ለረጅም ዓመታት ተመልክቶ የእንቅስቃሴያቸውን ሥርዓት ገለጸ፤ ፊት ይዘረጋሉ፣ የዘረጉትን ከወለሉ ጋር ያጣብቃሉ፣ ገላቸውን ይሰበስባሉ፣ ከኋላ ያለውን ያላቅቃሉ። ይህ ሥርዓት እስከ ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት አለ፣ ስሕተትም አይደለም። ነገር ግን ወለል ላይ ለሚሄድ ሕዋስ አንድ ነገር አይገጥመውም፤ ፊቱ ላይ ምንም የቆመ ነገር የለም። እንደ ሜዳ ነው። የሰውነታችን ሕዋሳት ደግሞ አብዛኞቹ ሜዳ አይተው አያውቁም።

ወለሉ ራሱ ዝም ያለ ነገር አለመሆኑን ማሳየት የተጀመረው በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ነው። ፔልሃምና ዋንግ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1997 ፖሊአክሪላማይድ በሚባል ጄል ላይ ጥንካሬውን ብቻ እየለዋወጡ የሕዋሳት አካሄድ እንደሚለወጥ አሳዩ፤ በ2006 ደግሞ የዴኒስ ዲሸር ቡድን ከአጥንት መቅኒ የተወሰዱ ግንድ ሕዋሳት፣ ማለትም ገና ዓይነታቸው ያልተለየ ሕዋሳት፣ እንደ አንጎል በለሰለሰ ጄል ላይ የነርቭ፣ ጠንከር ባለው ላይ የጡንቻ፣ ከዚያም በጠነከረው ላይ የአጥንት ባሕርይ እንደሚያሳዩ አሳተመ። የፕላስቲክ ሳህን ከአንጎል ኅብረ ሕዋስ ጋር ሲነጻጸር ጥንካሬው ከሚሊዮን እጥፍ በላይ ነው። ያን ያህል ባዕድ በሆነ ወለል ላይ የተገኘውን ውጤት ሁሉ ስለ ሰውነት እንደተነገረ አድርገን ለምን እንደተቀበልን እስካሁን አይገባኝም፤ ምናልባት ሳህኑ ርካሽ ስለሆነ ይሆናል።

ወደ እናቴ ጥያቄ ልመለስ። ፋይብሮብላስት በኮላጅን ጄል ውስጥ በሰዓት የሚጓዘው በአሥር ማይክሮሜትሮች የሚቆጠር መንገድ ነው፤ የሰው ጠጉር ውፍረት ከ50 እስከ 100 ማይክሮሜትር መሆኑን ብናስብ፣ ሌሊቱን ሙሉ ተጉዞ የሚያልፈው የጥቂት ጠጉር ውፍረት ነው። ነጭ የደም ሕዋሳት ከዚህ እጅግ ይፈጥናሉ፤ ይህን መንገድ በደቂቃዎች ይጨርሱታል። የየፎቶውን ነጥብ አያይዤ የሕዋሱን ዱካ ስሥለው የሚወጣው መስመር ቀጥ ያለ አይደለም። ለጥቂት ጊዜ አቅጣጫውን ይዞ ይሄዳል፣ ከዚያ ይተወዋል፣ ሌላ ይይዛል። ሒሳቡ እንዲህ ላለው አካሄድ የታወቀ ሕግ አለው፤ አቅጣጫ ሳይለቅ የሚሄድ መንገደኛ ጊዜው እጥፍ ሲሆን ከመነሻው የሚርቀውም እጥፍ ነው፣ እንዲህ የሚንገላወደው ግን እጥፍ ለመራቅ አራት እጥፍ ጊዜ ያስፈልገዋል። ሕዋሱን የሚጠራው ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ባክቴሪያ የሚለቀው ኬሚካል ወይም የቁስል ምልክት፣ ዱካው ይስተካከላል። እኔ በምሠራው ጄል ውስጥ ግን የሚጠራው የለም። ሆን ብለን አውጥተነዋል፤ ያለ ጥሪ እንዴት እንደሚሄድ ካልታወቀ ጥሪው ምን እንደጨመረለት አይታወቅምና። «የትም አይሄድም» ያልኋት ለዚህ ነበር።

ይሁን እንጂ እያሰብሁበት ስሄድ መልሴ አንድ ነገር እንደጎደለው ታየኝ። የሚጠራው ባይኖርም የሚፈቅድለትና የሚከለክለው አለ፤ እርሱም ጄሉ ነው። ይህን የተማርሁት ከመጻሕፍት አይደለም፤ አራት ወር ያስከፈለኝን የገዛ ራሴን ስሕተት አርሜ ነው።

በሁለተኛው ዓመት የምሠራው ኤችቲ-1080 በሚባሉ የካንሰር ሕዋሳት ነበር። እነዚህ ሕዋሳት በ1972 ከአንድ የ35 ዓመት ሰው ዕጢ የተወሰዱ ሲሆኑ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በዓለም ዙሪያ በቤተ ሙከራዎች እየተባዙ ይኖራሉ፤ የሰውየው ስም በየትኛውም ጠርሙስ ላይ የለም፣ ማለዳ ማለዳ ምግባቸውን ስቀይር አንዳንዴ ትዝ ይለኛል። ሕዋሳቱ የኮላጅን ክር የሚቆርጡ ኢንዛይሞች በብዛት ያመነጫሉ። ጥያቄዬ ቀላል ነበር፤ ኢንዛይሞቹን በመድኃኒት ብናግድባቸው መሄድ ያቆማሉ ወይ? በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች መድኃኒቱ የነካቸው ሕዋሳት ከሞላ ጎደል ባሉበት ቀሩ፤ ክንድ ይዘረጋሉ፣ ይስባሉ፣ ገላቸው ግን አይከተልም። እኔም ደስ ብሎኝ ሙከራውን ለመድገም ተነሣሁ። በድግግሙ ግን መድኃኒት ያለባቸውም የሌለባቸውም እኩል ይሄዱ ጀመር።

መጀመሪያ መድኃኒቱ ተበላሽቷል ብዬ አዲስ አስመጣሁ፤ ለውጥ የለም። ቀጥሎ ሕዋሳቱ ብዙ ትውልድ ስለተባዙ ባሕርያቸው ተለውጧል ብዬ ከፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ አዲስ ጠርሙስ አውጥቼ አቀለጥሁ፤ ለውጥ የለም። በሦስተኛው ወር፣ አሁን ሳስበው እያፈርሁም እየሳቅሁም ነው፣ ማንም ያላየው አዲስ የአካሄድ ዓይነት አግኝቻለሁ ብዬ ማሰብ ጀመርሁ፤ ርዕስ ሁሉ አዘጋጅቼለት ነበር። አንድ ቀን ለጡረታ የተቃረቡት የቤተ ሙከራችን ባለሙያ በአጠገቤ ሲያልፉ ሳህኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩና፣ «ጄልሽ ለምን እንዲህ ደመና ለበሰ?» አሉኝ። ከማቀዝቀዣው ጀርባ የነበረ አንድ የቆየ ሳህን አምጥተው አጠገቡ ያዙት። የድሮው ጥርት ያለ ነው። የአሁኑ እንደ አጓት ነጣ ብሏል።

የሆነው ይኸው ነው። አረፋ ስላሰለቸኝ፣ አረፋው ወደ ላይ እንዲወጣ ጊዜ ልስጠው ብዬ፣ ሳህኑን ወደ ኢንኩቤተሩ፣ ማለትም ወደ 37 ዲግሪው ማሞቂያ ሳጥን፣ ከማስገባቴ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ጠረጴዛ ላይ ማቆየት ጀምሬ ነበር። ወሩ ጥር ነው፣ ክፍሉም ቀዝቃዛ። ኮላጅን በሙቀት ሲረጋ ብዙ ክር በአንድ ጊዜ ስለሚጀመር ክሮቹ ቀጫጭን፣ በመካከላቸው ያለው ክፍተትም ጠባብ ይሆናል፤ በቀዝቃዛ ሲረጋ ደግሞ የሚጀመሩት ክሮች ጥቂት ስለሆኑ ቀስ እያሉ ይወፍራሉ፣ ክፍተቶቹም ይሰፋሉ። ወፍራሞቹ ክሮች ብርሃን ስለሚበትኑ ጄሉ ደመና ይመስላል። ኮላጅኑ ያው፣ መጠኑም ያው 2 ሚሊግራም ነው፤ የተለወጠው የቀዳዳው ስፋት ብቻ ነው። በሰፊው ቀዳዳ ሕዋሱ መቁረጫ አያስፈልገውም፣ ሾልኮ ያልፋል። መድኃኒቱ ሥራውን ሲሠራ ነበር፤ እኔ ነኝ ሥራ ያሳጣሁት። አራት ወር ሙሉ ሕዋሱን ስመረምር ጄሉን አንድ ጊዜ እንኳ በማይክሮስኮፕ አላየሁትም ነበር፤ ለእኔ ጄሉ ዕቃ ነበር፣ እንደ ሳህኑ።

የሚያሳፍረው ደግሞ መልሱ በአቅራቢያዬ መኖሩ ነው። ከምኖርበት ከተማ በባቡር ሁለት ሰዓት በማይሞላ መንገድ በምትገኘው በናይሜኸን ካታሪና ቮልፍ፣ ፔተር ፍሪድልና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ ለክተው በ2013 አሳትመውታል። ኢንዛይሞቹ ሲታገዱ ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር የሕዋሳቱ ፍጥነት አብሮ ይቀንሳል፤ የቀዳዳው የገጽ ስፋት ከኒውክለሱ አግድም ቁርጥ የገጽ ስፋት ወደ አንድ አሥረኛ ሲወርድ ፈጽሞ ይቆማሉ። ለካንሰር ሕዋሳቱ ይህ ድንበር 7 ካሬ ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ ቲ-ሴል ለሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት 4፣ ኒውትሮፊል ለሚባሉት ሌሎች ነጭ የደም ሕዋሳት ደግሞ 2 ገደማ። ጽሑፉን አንብቤው ነበር። በኅዳግ ላይ በእርሳስ «አስፈላጊ» ብዬ ጽፌበታለሁ።

መለኪያው ኒውክለሱ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። የቀረው የሕዋስ ገላ እንደ ሊጥ ነው፤ ቀጭን ቀዳዳ ሲያገኝ ይቀጥናል፣ ይሾልካል። ኒውክለሱ ግን ላሚን በሚባሉ ፕሮቲኖች የታጠረ፣ የዘር መመሪያውን ሁሉ የያዘ ጓዝ ነው። ኒውትሮፊሎች በጠባቡ የሚያልፉት ኒውክለሳቸው እንደ ዶቃ በተቆራረጠ ቅርጽ ስለተሠራና ላሚን ኤ የሚባለውም ስለሚያንሰው ነው። በ2016 ሁለት የምርምር ቡድኖች በአንድ መጽሔት ላይ ጎን ለጎን ባሳተሙት ሥራ፣ ሕዋስ በጣም በጠባብ ቦታ ሲጨናነቅ የኒውክለሱ ሽፋን እንደሚቀደድ፣ በውስጡ ያለው ዲኤንኤ እንደሚጎዳና ሕዋሱም ቀዳዳውን ወዲያው እየጠገነ እንደሚቀጥል አሳይተዋል። ይህን ካነበብሁ በኋላ ቪዲዮዎቼን የማይበት ዓይን ተለወጠ። ቀድሞ «ቆመ» ብዬ በሰንጠረዥ ውስጥ ዜሮ የምሞላበት ሰዓት፣ ከሁሉ የሚበልጥ ነገር የሚሠራበት ሰዓት ሆኖ ታየኝ።

የእኔ ስሕተት ከቤተ ሙከራ ውጭም ትልቅ አምሳያ አለው። በ1990ዎቹ እነዚህን ቆራጭ ኢንዛይሞች የሚያግዱ መድኃኒቶች የካንሰርን መዛመት ይገታሉ ተብሎ ብዙ ተስፋ ተጥሎባቸው ነበር፤ ባቲማስታት፣ ማሪማስታት የሚባሉት ከነዚያ መካከል ናቸው። በሕሙማን ላይ ሲሞከሩ ግን የሚጠበቀውን ያህል አልረዱም፣ የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመምም አስከተሉ። ለመውደቃቸው ከአንድ በላይ ምክንያት አለ፤ ከኢንዛይሞቹ አንዳንዶቹ ሰውነትን የሚጠቅሙ መሆናቸውና መድኃኒቱ ለብዙዎቹ ሕሙማን በሽታው ከተሠራጨ በኋላ መሰጠቱ ይጠቀሳሉ። ይሁንና በ2003 የቮልፍና የፍሪድል ቡድን ያሳየው ነገር ለእኔ ከሁሉም ይከብዳል፤ ኢንዛይሞቻቸው የታገዱባቸው የካንሰር ሕዋሳት መቁረጡን ትተው፣ እንደ አሜባ ቅርጻቸውን እየለዋወጡ በክሮቹ መካከል መሹለክ ጀመሩ። ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ ይባላል፤ እነዚህ ግን ሙቀጫው ላይ ስንጥቅ ፈልገው የሚወጡ ናቸው።

ስንጥቅ የሌለው ጄል መሥራትም ይቻላል። ፖሊኢትሊን ግላይኮል ከሚባል ሰው ሠራሽ ሞለኪውል የሚሠራ ሃይድሮጄል የቀዳዳዎቹ ስፋት በናኖሜትር፣ ማለትም በማይክሮሜትር አንድ ሺህኛ፣ የሚቆጠር ነው፤ ለሕዋስ ግድግዳ ማለት ነው። በ2003 ማቲያስ ሉቶልፍ፣ ጄፍሪ ሃበልና ባልደረቦቻቸው የዚህን ጄል ሰንሰለቶች ሕዋሳት በሚቆርጡት አጭር ፕሮቲን አገናኟቸው፤ ሕዋሱ የሚጨብጠው እጀታም አርጂዲ የሚባለውን የሦስት አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን ጡብ) ቅጥያ በመጨመር ሰጡት። እንዲህ ባለ ጄል ውስጥ ቆርጦ ከማለፍ በቀር መንገድ ስለሌለ ከኮላጅኑ ይልቅ ጥርት ያለ መልስ ይገኛል። ከዚህ ወዲህ ግን ጥያቄውን ሌላ ነገር አወሳሰበው። ላስቲክ ጄል ሲገፉት ይመለሳል፤ ሊጥ መሰል ጄል ግን ጣት ሲነክሩበት የጣቱን ጉድጓድ ይዞ ይቀራል። ከባሕር አረም በሚገኘው አልጂኔት በተሠሩ ጄሎች በ2018 እንደታየው፣ ጄሉ ጉድጓዱን ይዞ የሚቀር ዓይነት ከሆነ የካንሰር ሕዋሳት ምንም ሳይቆርጡ፣ በናኖሜትር ቀዳዳ ውስጥ ሳይቀር፣ እየገፉ የራሳቸውን ዋሻ ይከፍታሉ። ዛሬ የምሠራው በዚህ ላይ ነው። አንድ ጄል ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ከተገፋ በኋላ የቀድሞ ቅርጹን ምን ያህል እንደሚረሳ እለካለሁ፤ ለዚያ የሚሆን ጥሩ የአማርኛ ቃል ፈልጌ እስካሁን «ቂም የማይዝ ጄል» ከማለት የተሻለ አልመጣልኝም።

አሁን በእያንዳንዱ ሳህን ክዳን ላይ ሦስት ነገር እጽፋለሁ፤ የኮላጅኑን ጠርሙስ ቁጥር፣ ጄሉ የረጋበትን ሙቀት፣ ጠረጴዛ ላይ የቆየበትን ደቂቃ። ሕዋሳቱን ከማየቴ በፊትም ባዶውን ጄል አነሣለሁ። በረዥሙ ቪዲዮ መጀመሪያ ላይ የሚታየው፣ ገና ማንም ያልገባበት የክር ጫካ እርሱ ነው። ለእናቴ ስልክ እንዳይከብዳት ያንን ክፍል ቆርጬ ነበር የላክሁላት።

ከፋሲካ በኋላ በነበረው እሑድ ደወልሁላት። ስለ ዶሮው፣ ስለ ዘመድ አዝማድ፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ተጨዋወትን። ስልኩን ልዘጋ ስል፣ «ቆይ፣ ያ ተቀርቅሮ የነበረው ወጣ ወይ?» አለችኝ። ቪዲዮው የሚያልቀው ኒውክለሱ ግማሹ ከጠባቡ ቦታ ወዲህ፣ ግማሹ ወዲያ ሆኖ ነው። ማይክሮስኮፑን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ሌላ ሰው ይዞት ስለነበር ቀረጻው በ16ኛው ሰዓት እንዲቆም ያዘዝሁት ራሴ ነበርሁ። ሳህኑንም በዚያው ቀን አጥቤዋለሁ። ይህን ስነግራት ለጥቂት ጊዜ ዝም አለችና፣ «ምናለ ትንሽ ብትታገሺው» አለችኝ።